ድርቆሽ በአሮጌ ትራክተር፦ ሣሩን ከማጨድዎ በፊት ከማሰሪያው ይጀምሩ

ሣር ማጨድ ቀላል ነው። ጭንቁ የሚመጣው የታጨደው ሣር ለመታሰር ደርሶ ማሽኑ እምቢ ሲል ነው። ሰማዩ ይጠቁራል፤ ማሰሪያው አይቋጥርም፤ ስንት የተለፋበት መኖ ዓይን እያየ ይበሰብሳል። በአሮጌ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ከዚህ ጣጣ የሚድንበት መንገድ አለ። ዝግጅቱን ከመጨረሻው ማሽን ጀምሮ ወደኋላ መምጣት ነው። ማሰሪያው ቋጥሮ ካላሳየዎት፣ ማጨጃውን ከመጠለያው አያውጡት።

አሮጌ መሣሪያ ስል፣ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የተሠሩትን ትናንሽ ትራክተሮች፣ ጥርስ ያለውን የጎን ማጨጃ፣ በራሱ ጎማ እየዞረ ሣር የሚሰበስበውን ማሽን እና አራት ማዕዘን እስር የሚያወጣውን ማሰሪያ፣ ቤለር፣ ማለቴ ነው። እነዚህ ማሽኖች ዛሬም ጥሩ ድርቆሽ ይሠራሉ። እኔ የምወዳቸው ሁሉ ነገራቸው ስለሚታይ ነው። ሰንሰለቱ፣ ሞላው፣ ምላጩ፣ ማርሹ ሁሉ ፊት ለፊት ነው ያለው። ረጋ ብሎ ለሚያይ ሰው ችግሩ ራሱን ይናገራል።

1. ትራክተርዎን ይወቁ

ፈርግሰን ቲኢ 20 እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 ተመርቷል፤ ቁጥሩም ከ500 ሺህ በላይ ነው። ፎርድ 8ኤን ደግሞ ከ1947 እስከ 1952 ወጥቷል። ሁለቱም ሃያዎቹ ውስጥ ያለ የፈረስ ጉልበት አላቸው። ለማጨድና ለመሰብሰብ ይህ ይበቃል። ቤለር ለመጎተትና ለማዞር ግን ጫፋቸው ላይ ይደርሳሉ፤ በተለይ ዳገት ካለ። ከቻሉ ማሰሩን እንደ ማሲ ፈርግሰን 135 ላለ ጠንከር ላለ ትራክተር ይስጡት።

ከጉልበቱ በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ከኋላ ማሽኑን የሚያዞረው ዘንግ፣ ፒቲኦ፣ ከሞተሩ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ነው። በቲኢ 20 እና በ8ኤን ላይ ፒቲኦው ጉልበቱን የሚያገኘው በዋናው ፍሪሲዮን (ክላች) በኩል ነው። ፍሪሲዮኑን ሲረግጡ ጎማውም ፒቲኦውም አብረው ከሞተሩ ይለያያሉ። ይህ ሁለት መዘዝ አለው።

አንደኛው፣ ወፍራም ረድፍ ሲያጋጥም ትራክተሩን አቁሞ ቤለሩ እስኪውጠው መጠበቅ አይቻልም። ሁለተኛው ይብሳል። የቤለሩ ቮላኖ፣ ማለትም ከባዱ መንኮራኩር፣ ፍሪሲዮን ተረግጦም መዞሩን ይቀጥላል። ያ ጉልበት ማሽኑን ከፒቲኦው ጋር በሚያገናኘው ዘንግ፣ በካርዳኑ፣ በኩል ወደ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይመለስና ትራክተሩን ወደፊት ይገፋዋል። ፍሬን ረግጠውም ላይቆም ይችላል። አጥር ጫፍ ላይ ወይም ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚከተል ያስቡት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፒቲኦው ጫፍ ላይ የሚገባ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጉልበት የሚያስተላልፍ ማያያዣ ይሸጣል። ሞተሩ ማሽኑን ያዞራል፤ ማሽኑ ግን ሞተሩን ሊያዞር አይችልም። በእነዚህ ትራክተሮች ያለዚህ ማያያዣ ቤለርም ማጨጃም አይሥሩ። ከገጠሙት በኋላ የካርዳኑን ርዝመት እንደገና ይለኩ፤ ማያያዣው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ጥግ ሲዞሩ ወይም ማሽን ከፍ ሲል ካርዳኑ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ከገጨ የፒቲኦውን ኩሽኔታ ይሰብራል።

ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ያላቸው ማሲ ፈርግሰን 35 እና 135 ይህን ጭንቀት ያቀሉታል። ፔዳሉ እስከ ግማሽ ሲረገጥ ትራክተሩ ይቆማል፤ ፒቲኦው ይዞራል። እስከ ታች ሲረገጥ ፒቲኦውም ይቆማል። ትራክተር ለመግዛት እያሰቡ ከሆነ በቀለሙ ውበት አይሸነፉ፤ መጀመሪያ ይህንን ይጠይቁ።

የፒቲኦው ፍጥነት በደቂቃ 540 ዙር መሆን አለበት። በበርካታ አሮጌ ፎርድና ፈርግሰን ትራክተሮች ይህ የሚገኘው ሞተሩ 1,500 ገደማ ሲዞር ነው። የእርስዎን ከመመሪያው ያረጋግጡ። 540 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 9 ዙር ነው። እጅጌ ወይም የሻርፕ ጫፍ ከያዘ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። የካርዳኑ መሸፈኛ ፕላስቲክ ከተሰበረ አዲስ ይግጠሙ። ብዙ አሮጌ ማሽን መሸፈኛው ጠፍቶ ነው የሚሸጠው፤ ይህን እንደ ተራ ነገር አይለፉት።

2. ማሰሪያውን ያስቋጥሩ

ከመሬት ሣር እያነሳ፣ እየጠቀጠቀ፣ ራሱ የሚያስር ማሽን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። የፔንሲልቫኒያው ገበሬ ኤድዊን ኖልት ሠራው፤ ኒው ሆላንድም ተቀብሎ ለገበያ አቀረበው። ሲባጎውን የሚቋጥረው ክፍል፣ ቋጣሪው፣ ግን ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ጆን አፕልቢ ለእህል ነዶ ማሰሪያ የሠራው ዘዴ ነው ዛሬም በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሚሠራው።

ቋጣሪውን ለመጠገን አካሄዱን ማወቅ ግድ ነው። እስሩ በቂ ርዝመት ሲኖረው መርፌዎቹ ከታች ሲባጎውን ይዘው ይወጣሉ። ሲባጎውን ክብ መያዣ ዲስክ ውስጥ ያስቀምጡታል። አሁን ዲስኩ ሁለቱንም ጫፍ ጨብጧል። ከዚያ እንደ ወፍ ምንቃር ያለችው መንጠቆ አንድ ዙር ትዞራለች፤ ሲባጎው ይጠመጠምባታል፤ አፏን ከፍታ ሁለቱን ክሮች ትነክሳለች። ቢላው ይቆርጣል። ጠራጊው ክንድ ቀለበቱን ከምንቃሯ ላይ ገፍቶ ሲያወርደው ቋጠሮው ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ዓይን እስኪጨፈን ያልቃል። ስለዚህ የሚማሩት ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቮላኖውን በእጅ ቀስ እያሉ በማዞር ነው። ቮላኖው ሁልጊዜ በራሱ የሥራ አቅጣጫ ይዞር።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን።

የከረመውን ድርቆሽና አቧራ ከቋጣሪው ላይ ሙልጭ አድርገው ያጽዱ። ምንቃሯና ዲስኩ እንደ መስታወት መብረቅ አለባቸው። ዝገት ካለ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ያሻሿቸው። የዛገች ምንቃር ቋጠሮውን አትለቅም፤ የብዙ ሰው ራስ ምታት መነሻው ይኼ ነው።

ሁሉም ቦታ ግራሶ ይስጡ። አሮጌው ግራሶ ደርቆ ቀዳዳውን ከደፈነው አዲሱ በጎን ይወጣል እንጂ አይገባም። ፈትተው ያጽዱት።

ሣሩን ሳጥኑ ውስጥ የሚጠቀጥቀውን የመጭመቂያውን ቢላና ከሳጥኑ ጎን ያለውን ቋሚ ቢላ ይዩ። ሁለቱም ስለታም ይሁኑ፤ ሲተላለፉ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይሁን። ቢላው ከደነዘ እስሩ አንድ ጎኑ ጨበሬ ይሆናል፤ ትራክተሩም በእያንዳንዱ ምት ይንገራገጫል።

በመርፌዎቹ አካባቢ አንድ ጠንካራ ብረት አለ። መርፌዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ሲገቡ እሱም አብሮ ይገባል። ሰዓቱ ከተዛባ መጭመቂያው መርፌዎቹን ከመምታቱ በፊት ይህን ብረት ይመታል፤ ቮላኖው ላይ ያለው ደካማ ቡሎን ተቆርጦ ሁሉም ነገር ይቆማል። ብረቱ በነፃነት መግባትና መውጣቱን ያረጋግጡ። ቡሎኑንም አምራቹ ባዘዘው ጥንካሬ ብቻ ይተኩ። ጠንካራ ቡሎን የሚያስገባ ሰው የአንድ ቡሎን ዋጋ ለማዳን መርፌና ካምቢዮ ይሠዋል። ትክክለኛውን በኪስ ሙሉ ይያዙ።

አሁን ሲባጎ ያስገቡ፤ ካለፈው ዓመት የተረፈ ድርቆሽ ወይም ገለባ በመንሽ ሣሩን ከመሬት ወደሚያነሳው ክፍል፣ ወደ ማንሻው፣ ይጣሉ። አንድ እስር አይበቃም። ተከታትለው የወጡ እስሮች ሁለቱም ሲባጎ በትክክል መቋጠሩን ይዩ።

ካልቋጠረስ? የተበጠሰውን ሲባጎ አይጣሉ፤ መልሱ እሱ ላይ ነው። ቋጠሮው ምንቃሯ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ወይ ምንቃሯ ሻክራለች፣ ወይ የምላሷ ሞላ ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ወይ ጠራጊው ክንድ ጀርባዋን እየነካ አያልፍም። ሲባጎው ሳይቋጠር ከዲስኩ ሾልኮ ከወጣ፣ የዲስኩ መያዣ ሞላ ላልቷል። ጫፉ ተፈልቅቆና ተሸርክቶ ከተበጠሰ፣ መያዣው በጣም ጠብቋል ወይም የሆነ ቦታ ስለታም ጠርዝ አለ። ጫፉ ተጎትቶ እንደተበጠሰ ፀጉር ከሆነ ደግሞ ቢላው ደንዟል።

ከመንካትዎ በፊት የዳዶውን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ሩብ ዙር ብቻ ያዙሩ፤ ከዚያ ይሞክሩ። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ የነካካ ሰው የቱ እንዳዳነው ወይም የቱ እንዳባሰው አያውቅም።

3. ማጨጃውን ይሳሉ፣ ያስተካክሉ

ጥርስ ያለው ማጨጃ እንደ መቀስ ነው የሚሠራው። የሚመላለሰው ምላጭ አንዱ ስለት ነው። ሁለተኛው ስለት ከፊት በተደረደሩት የብረት ጣቶች ውስጥ የተሰፋው ትንሽ የብረት ሳህን ነው። ብዙ ሰው ላይኛውን ይስልና ታችኛውን ይረሳዋል። የታችኛው ጠርዝ ከተድበለበለ ሣሩ አይቆረጥም፤ ይታጠፍና ምላጩ መካከል ገብቶ ያንቀዋል። የተሰነጠቀ ወይም የላላ ምላጭ ካለ ሪቬቱን አውጥተው ይተኩ። ጣቶቹ አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ከጫፍ ሆነው ዓይንዎን አጥብበው ይዩ።

ምላጩን ከላይ የሚጫኑት መያዣዎች ልክ መሆን አለባቸው። ከላሉ ምላጩ ከታችኛው ስለት ይርቃል። ከጠበቁ ይግላል፤ ጉልበት ይበላል። ልኩን ለማወቅ ምላጩን የሚነዳውን ዘንግ ነቅለው፣ ወፍራም ጓንት አድርገው ምላጩን ይግፉት፤ ያለ ትግል መንሸራተት አለበት። ምላጩ በሁለቱም የጉዞው ጫፎች ላይ ሲደርስ የእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ጥርስ መሃል በጣቱ መሃል ላይ ማረፍ አለበት። ካላረፈ አጨዳው ያልተስተካከለ ይሆናል።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር አለ። ማጨጃው ዝም ብሎ ቆሞ ሲታይ የውጭው ጫፍ ከውስጠኛው ትንሽ ወደፊት መቅደም አለበት፤ በአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል። የ1.5 ሜትር ማጨጃ ከሆነ 3 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ሥራ ላይ ሣሩ ወደኋላ ሲገፋው ቀጥ ይላል። ማያያዣዎቹ በልተው ጫፉ ወደኋላ ከቀረ ምላጩ ከመንጃው ዘንግ ጋር ተጣሞ ይሠራል። በየጊዜው የሚሰበር ምላጭ ወይም ዘንግ ካለዎት መጀመሪያ እዚህ ጋ ይዩ።

4. ማጨድ

ሣር ዘለላ ማውጣት ሲጀምር፣ አልፋልፋ ደግሞ ከአሥሩ አንዱ ሲያብብ ይታጨዳል። መቆየት ክምሩን ያበዛዋል፤ ግንዱ ግን ይጠነክራል፤ ከብቱም ይተወዋል።

ሦስት አራት ደረቅ ቀን ከታየ፣ ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ ይጀምሩ። ከመሬት ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። የቀረው ቅሪት የታጨደውን ሣር ከእርጥብ አፈር ላይ ያነሳዋል፤ ነፋስም ከስር ይገባል። ድንጋይና የጉንዳን ኩይሳም ከምላጩ ይርቃል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሁን።

ስንት ልጨድ? ቤለርዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስሮ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ። መሬቱ ሰፊ ቢሆንም ቆራርሰው ይሥሩት። አሮጌ ማሽን የሚያሸንፈው በዚህ ነው፤ ትንሽ ታጭዶ ሙሉ በሙሉ ይገባል።

ምላጩ ከተደፈነ ፒቲኦውን ያላቅቁ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ከዚያ ይውረዱ። የቆመ የሚመስል ምላጭ ውስጡ የታፈነ ጉልበት ሊኖር ይችላል፤ ሣሩን ሲነቅሉ ዘልሎ ጣት ይቆርጣል። ተዳፋት ላይ ደግሞ እነዚህ ትራክተሮች አብዛኞቹ የመገልበጥ መከላከያ ብረት የላቸውም። የኋላ ጎማዎቹን ያስፉ። ቁልቁለት በገለልተኛ ማርሽ አይውረዱ። ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ ሳይታጨድ ይተዉት።

5. ማድረቅና መሰብሰብ

የቆመ ሣር ከ75 እስከ 80 በመቶ ውሃ ነው። ድርቆሹ 18 በመቶ ላይ መድረስ አለበት። ሒሳቡን ቢሠሩት፣ 80 በመቶ ውሃ ከያዘ ሣር 1 ቶን ድርቆሽ ለማግኘት ከ3 ቶን በላይ ውሃ ወደ አየር መሄድ አለበት። ጥርስ ያለው ማጨጃ ደግሞ ግንዱን አይጨፈልቅም። ስለዚህ ጎልማሳ ግንድ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ቅጠሉ ቀድሞት ይደርቃል።

መልሱ በመጀመሪያው ቀን መዘርጋት ነው። ከታጨደ ጥቂት ሰዓት በኋላ በመገልበጫ ወይም በመንሽ ይበትኑት፤ ፀሐይ የሚያገኘው ስፋት ይጨምር። ሣር ደጋግሞ መገልበጥን ይችላል። አልፋልፋ አይችልም። የአልፋልፋ ፕሮቲን አብዛኛው ቅጠሉ ላይ ነው፤ ደርቆ ሳለ የሚነካ ሰው ግንዱን ይዞ ይቀራል።

የመሰብሰቢያው ሰዓት እርጥበቱ 40 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ሲነኩት ለስለስ ያለ፣ ሲጨብጡት ግን ውሃ የማያወጣ። አልፋልፋ ከዚያ በላይ ከደረቀ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ይሰብስቡት። ጥርሶቹ አፈር እንዳይቧጥጡ ከፍ ያድርጓቸው። መሰብሰቢያው በራሱ ጎማ ስለሚዞር፣ ትራክተሩ በፈጠነ ቁጥር እሱም ይፈጥናል፤ ቅጠል ይረግፋል። ቀስ ይበሉ።

ረድፉን ሲሠሩ ስለ ቤለሩ ያስቡ። ወጥ የሆነ፣ የማንሻውን ስፋት የሚያክል ረድፍ ጥሩ እስር ያወጣል። አንድ ቦታ ጉብ፣ አንድ ቦታ ሳሳ ያለ ረድፍ የተጣመመ እስር ያወጣል።

6. ደርቋል ወይስ አልደረቀም?

ናሙናውን ከረድፉ ሥር፣ ወፍራሙ ቦታ ላይ ይውሰዱ። ላዩ ሁልጊዜ ያታልላል። ግንዱን በጥፍርዎ ይፋቁ፤ ቆዳው ከተላጠ ገና ነው። አንጓውን ሲጫኑት ከለሰለሰም ገና ነው። አንድ እፍኝ ወስደው እንደ ገመድ ያጣሙት፤ ጥቂት ዙር ላይ ከተሰባበረ ደርሷል።

ይበልጥ ለማረጋገጥ፣ ክዳን ባለው ደረቅ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ የተቆራረጠ ድርቆሽ ከአንድ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጋር ይክተቱና ለሁለት ደቂቃ ያህል በደንብ ይነቅንቁ። ጨው ከተጓጎለ ወይም ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥብ ነው። እንደነበረ ብትንትን ካለ ለማሰር ይበቃል። ለትንሽ እስር 18 በመቶ ጥሩ ነው፤ 20 የመጨረሻው ድንበር ነው። 25 ላይ ማሰር ሻጋታንና እሳትን መጋበዝ ነው።

7. ማሰር

ረድፉ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ፒቲኦው 540 ይድረስ። ከዚያ ጋዙን አይቀንሱ። ፍጥነት የሚስተካከለው በማርሽ ነው። ብዙ ጊዜ አንደኛ ማርሽ ይበቃል።

ልክ መሆኑን የሚያውቁት እስሩን ፈትተው ነው። መጭመቂያው በእያንዳንዱ ምት አንድ ንብርብር ይጨምራል። አንድ እስር ውስጥ ከ12 እስከ 15 ንብርብር ካለ አረማመድዎ ጥሩ ነው። 7 ወይም 8 ከሆነ እየፈጠኑ ነው፤ ማሽኑን እያስጨነቁት ነው። የተለመደው ትንሽ እስር 36 በ46 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ 90 ሴንቲ ሜትር ከረዘመ ከ18 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል።

ከሳጥኑ ጫፍ ያሉት ሁለት ማጥበቂያዎች እኩል ይጥበቁ። ቀኑን ሙሉ ግን እንደዚያው አይተዋቸው። ፀሐዩ ሲበረታ ድርቆሹ ይንሸራተታል፤ እስሩ ይላላል፤ ጥቂት ያጥብቁ። ወደ ማታ አየሩ ሲረጥብ መፋተጉ ይጨምራል፤ እስሩ ከብዶ ሲባጎ መበጠስ ይጀምራል፤ ያላሉ። እስሩ በድንገት ከከበደዎት ጤዛ ወርዷል ማለት ነው። ያን ሰዓት ሥራ ይቁም።

ማንሻው ከተደፈነ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ነቅለው፣ ቮላኖው መቆሙን በዓይንዎ አይተው ይቅረቡ። ቋጣሪው አጠገብ ደግሞ መርፌዎቹ ካለ ማስጠንቀቂያ ሊነሱ ይችላሉ። ማሽኑ እየዞረ እጅ አይገባም። በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሚከማቸውን ብናኝ በየጊዜው ይጥረጉ፤ እሳት ማጥፊያም ትራክተሩ ላይ ይኑር። ቤንዚን የሚጠጣ ትራክተር ከሆነ ሞተሩ ሳይበርድ ነዳጅ አይሞሉ።

8. መከመርና መከታተል

ከመሬት በእንጨት ከፍ አድርገው ይከምሩ። የታችኛው ረድፍ ሲባጎው ወደ ጎን ይሁን፤ መሬት የነካ ሲባጎ ይበሰብሳል። ቀጣዩን ረድፍ አቅጣጫውን እየቀየሩ ያነባብሩ።

አዲስ ድርቆሽ ይሞቃል። አደጋው የሚበዛው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ጫፉ የሾለ ቧንቧ ክምሩ ውስጥ ይክተቱ፤ ቴርሞሜትር በገመድ ያውርዱበት። እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አያሳስብም። 65 ሲደርስ በየቀኑ ይለኩ። 70 ካለፈ በየጥቂት ሰዓቱ። 80 ከደረሰ ክምሩን በራስዎ አይበትኑት፤ ውስጡ አየር ሲያገኝ ይነዳል። የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ። ክምሩ ላይም አይውጡ፤ ውስጡ ተቃጥሎ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል።

9. ማሽኖቹን ማሳረፍ

ሥራው ሲያልቅ ቤለሩ ውስጥ የቀረውን እስር ያውጡ። እርጥበት ስቦ ሳጥኑን ያዝገዋል፤ አይጥም ይጠራል። ምንቃሯን፣ ዲስኩንና የማጨጃውን ምላጭ ዘይት ይቀቡ። ምላጩን ነቅለው እንጨት ላይ አጋድመው ያስቀምጡት። የማንሻው ቺንጊያ እንዲላላ ያድርጉ። በወቅቱ የተሰበረውን፣ የላላውንና በሽቦ ያሰሩትን ነገር ሁሉ ሳይረሳዎት በዚያው ቀን ይጻፉ፤ የአሮጌ ማሽን መለዋወጫ ፈልጎ ለማግኘት ወራት ሊወስድ ይችላል።